ሬትኮን ምንድን ነው?

ሬትኮን ማለት ተከታዩ ፊልም ወደ ኋላ ተመልሶ ቀደም ሲል የተነገረንን ነገር ትርጉሙን ሲቀይረው ነው። አዲስ ክስተት መጨመር ሬትኮን አይደለም። በስህተት የተጋጨ ዝርዝርም አይባልም። ሁሉንም ትቶ ከዜሮ መጀመር ደግሞ ሪቡት ነው።

በሳይንስ ፊክሽን ወዳጆች ዘንድ «ክፍል ሁለቱ ይሻላል፤ የለም አንደኛው» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚጦዘው እዚህ ላይ ነው። ስታር ዋርስን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ፊልም አረጋዊው ኦቢ-ዋን ለዋናው ጀግና ለሉክ፣ ዳርት ቬደር የሚባል የቀድሞ ተማሪው (የፊልሙ ክፉ ሰው) የሉክን አባት ከድቶ እንደገደለው ይነግረዋል። በ1980ው ክፍል ግን አባትየው ራሱ ቬደር ሆኖ ተገኘ። ሁለቱ አይታረቁም። ከመጀመሪያው የታሰበበትም አይመስልም፤ ሊ ብራኬት በ1978 በጻፈችው የመጀመሪያ ረቂቅ የሉክ አባት መንፈስ ሆኖ ሲመጣ ከቬደር የተለየ ሰው ነው። ቬደርን አባት ያደረገው ከእሷ በኋላ ጽሑፉን የያዘው ጆርጅ ሉካስ ነው።

ታዲያ ይህ ሬትኮን ይህን ያህል የተወደደው ለምንድን ነው? የ1977ቱን ፊልም መልሳችሁ ክፈቱት። ሉክ ከገበታ ተነስቶ ሲወጣ አክስቱ ልጁ ለእርሻ እንዳልተፈጠረ፣ አባቱን በጣም እንደወሰደ ትናገራለች፤ ባሏም የሚፈራው ይህንኑ እንደሆነ ይመልሳል። መጀመሪያ ላይ ይህ «ልጁ ዘምቶ እንዳይሞት» የሚል ስጋት ነበር። ከ1980 በኋላ ግን «አባቱን እንዳይሆን» ሆነ። አንድም ቃል አልተነካም፤ ትዕይንቱ ግን ከበደ። ኦቢ-ዋን ስለ አባትየው ሞት ሲጠየቅ የሚያመነታባት ቅጽበትም እንዲሁ የውሸታም ማመንታት ትመስላለች። በ1983 ያቀረበው «ከአንድ አቅጣጫ ሲታይ እውነት ነው» የሚል ማስተባበያ ግን ውሃ አያነሳም።

ያው የ1983ቱ ፊልም የሉክን የትግል ጓድ ልዕልት ሊያን እህቱ አደረጋት። እዚህ ላይ የድሮው ፊልም ምንም አላተረፈም፤ እንዲያውም በ1980ው ክፍል ሊያ ሉክን ከንፈሩን ስትስመው ማየት ያሳቅቃል። በ1999 የመጣው ሚዲክሎሪያን (ፎርስ የተባለው ልዩ ኃይል በሰው ውስጥ የሚሠራበት፣ በደም ያለ ረቂቅ ሕያው) የባሰ ነው። በ1977 ፎርስ ሕያዋን ሁሉ የሚፈጥሩት ኃይል ነበር፤ አሁን ከትንሹ አናኪን (በኋላ ቬደር ከሚሆነው ልጅ) ደም ናሙና ተወስዶ ቁጥሩ ከ20,000 በላይ ነው ተባለ። እምነትና ልምምድ የነበረው ነገር የላቦራቶሪ ውጤት ሆነ።

ሬትኮን በሬትኮን ላይ ሲመጣ ደግሞ ተመልካቹ ማመኑን ያቆማል። በ2017ው ክፍል የአዲሶቹ ፊልሞች ዋና ጀግና የሬይ ወላጆች ለመጠጥ ገንዘብ ብለው የሸጧት ተራ ሰዎች ናቸው ተባለ፤ በ2019 የክፉው ንጉሠ ነገሥት የፓልፓቲን የልጅ ልጅ ሆነች። ፓልፓቲንማ በ1983 ጉድጓድ ተወርውሮ አልቆለት ነበር፤ ተመለሰ የተባለው እንዴት እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይነገረን ነው። የ2017ቱን የሠራው ራያን ጆንሰን፣ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ደግሞ ጄ. ጄ. ኤብራምስ መሆኑ ብዙ ይናገራል።

ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት ግን የትኛውን ቅጂ እንዳያችሁ ተጠያየቁ። ሉካስ ራሳቸውን የድሮዎቹን ፊልሞችም ነካክቷቸዋል፦ በ1983ቱ ፊልም መጨረሻ ላይ የሚታየው የአናኪን መንፈስ በሲኒማ ሲወጣ ሴባስቲያን ሾው ነበር፤ ከ2004ቱ ዲቪዲ ጀምሮ ሄይደን ክሪስተንሰን ነው።