ከአንቀልባው ዛጎል እስከ ዓባይ በረሃ ቅርፊት፦ ስለ ባሕር ሞለስኮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደጀን ላይ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ የእንስሳት ቅርፊት ካገኙ ይዘውልኝ እንዲመጡ ጠይቄ ነበር። በሳምንቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ነገር ተቀመጠ። አንዱ ከአያት አንቀልባ የተፈታ ነጭ ዛጎል ነው፤ ሁለተኛው ከጣና ዳር የተለቀመ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤት፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው መንገድ ዳር የተገኘ፣ ድንጋይ የሆነ ባለሁለት ክዳን ቅርፊት። አንድ ባልደረባዬ ሦስቱንም በአንድ ሣጥን ከቶ «የጎጃም ቀንድ አውጣዎች» ብሎ ጻፈባቸው። ጽሑፉ ከሦስቱ ለአንዱ ብቻ ነበር ልክ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞለስኮች፣ ማለትም እንደ ቀንድ አውጣ ለስላሳ ገላ ስላላቸው እንስሳትና ስለ ቅርፊታቸው፣ ስንት የተሳሳተ ነገር እንደሚነገር ልብ እያልኩ መጣሁ።

«ዛጎል ከጣና ይወጣል»

አይወጣም። ዛጎል በባሕር ብቻ የሚኖር የቀንድ አውጣ ዓይነት ቤት ነው፤ ጣና ደግሞ ጨው የሌለው ሐይቅ ነው። በአፍሪካ ለጌጥም ለመገበያያም በብዛት የዋሉት ሁለት ዝርያዎች ሲሆኑ ሞኔታሪያ ሞኔታ እና ሞኔታሪያ አኑለስ ይባላሉ። የሁለቱም መኖሪያ የህንድና የፓሲፊክ ውቅያኖሶች ሞቃት፣ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው። ጎጃም የደረሱት በነጋዴ ጭነት ነው።

ሁለቱን ለመለየት ዋናው ምልክት ጀርባቸው ነው፤ አኑለስ ጀርባው ላይ ቢጫ ቀለበት አለው፣ ሞኔታ ግን ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው። ቆዳ ላይ ለመስፋት ሲባል ግን ጀርባው ተቆርጦ ይጣላል። ስለዚህ የእናቶቻችንን አንቀልባ ያስጌጠው ዛጎል ዋና መታወቂያው የለም፤ በቀረው ቅርጽና በአፉ ዳርና ዳር ባሉት ጥርስ መሰል ሸንተረሮች ነው የሚለየው። ያችን የተማሪዬን ዛጎል ይዤ ብዙ አገላብጫታለሁ።

በነገራችን ላይ፣ «ዛጎል በጎጃም ገበያ ዋናው ገንዘብ ነበር» የሚሉም አሉ። በደጋው ገበያ ለዘመናት ዋናው መገበያያ አሞሌ ጨው ነበር፤ ኋላም ማርትሬዛ ብር ተጨመረበት።

«ጎጃም ባሕር ነክቶት አያውቅም»

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃው እግራችን ሥር ተዘርግቷል። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁር ድንጋይ ታያላችሁ፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ የእሳተ ገሞራ አለት ነው። ከእሱ ዝቅ ሲል አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎም በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ይህ የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በባሕር ወለል ላይ የተነባበረ ነው፤ ውስጡም የባሕር ቅርፊት አለ። በአካባቢው ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ድንጋይ ነው።

«እሱማ የኖኅ ዘመን ውኃ ያመጣው ነው» የሚሉኝ አባቶች አሉ። እምነታቸውን አከብራለሁ፤ ድንጋዩ የሚናገረው ግን የአንድ ወቅት ጎርፍ ታሪክ አይደለም። ከኖራው ሥር ጂፕሰም አለ፤ ጂፕሰም የሚፈጠረው ጨዋማ ውኃ ቀስ እያለ ሲተን ነው። ከጂፕሰሙ ሥር ደግሞ ሌላ አሸዋ ድንጋይ አለ። ባሕሩ መጣ፣ አንዳንዴ ሳሳ፣ ተነነ፣ እንደገና ገባ፣ በመጨረሻም ሸሸ። ይህ ሁሉ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት የሆነ ነው። ምድሩም ኋላ ከፍ ከፍ እያለ ሄዶ ያ የባሕር ወለል ዛሬ ተራራ ላይ ተገኘ።

«ሁለት ክዳን ካለው ሞለስክ ነው»

ተማሪዬ ያመጣው ድንጋይ ይህን ስህተት ራሱ አረመልኝ። በዓባይ በረሃ ከሚገኙት ቅርፊቶች ብዙዎቹ ብራኪዮፖድ የሚባሉ፣ ባለሁለት ክዳን የባሕር እንስሳት ናቸው፤ ከሞለስክ ጋር ቅርብ ዝምድና የላቸውም። መለያው ቀላል ነው። አንዱን ክዳን ብቻ ያዙና መሐሉን በዓይናችሁ ለሁለት ክፈሉት፦ ግራና ቀኙ እኩል ከሆነ፣ ሁለቱ ክዳኖች ግን በመጠን ከተለያዩ ብራኪዮፖድ ነው። በሞለስኮቹ በአብዛኛው ተቃራኒው ነው፤ ሁለቱ ክዳኖች እንደ ሁለት መዳፍ ይገጥማሉ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ግን ወደ አንድ ጎን ያጋድላል።

«የአንድን አገር የባሕር ዳርቻ ሞለስኮች መመዝገብ ቅርፊት ለቅሞ መቁጠር ነው»

ለቀማው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ ስም ማጥራት ነው። ልጅ ዛጎል ከንፈሩ፣ ማለትም የአፉ ጠርዝ፣ ገና አልታጠፈም፤ ቅርፊቱ ስስና ጥቅልል ስለሆነ የሌላ ቀንድ አውጣ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ለየብቻ ከቆጠራችሁት አንዱ ዝርያ ሁለት ይሆናል። በየዘመኑ የመጡ ተመራማሪዎች ለአንዱ ዝርያ ደጋግመው ስም ሰጥተዋል፤ መዝገብ ሠሪው እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ እያመሳከረ ያጠፋል።

ሌላው ጣጣ የቦታ ስም ነው። ኮነስ ኤሪትሪኤንሲስ የሚባል የባሕር ቀንድ አውጣ አለ። ስሙን ያየ ሰው «የኤርትራ» ነው ብሎ ይመዘግበው ይሆናል። ስሙ የወጣው ግን በ1843 እ.ኤ.አ. ነው፤ ጣሊያን «ኤርትራ» የሚለውን ስም ለቅኝ ግዛቱ የሰጠው በ1890 ነው። ሁለቱም ቃላት የመጡት ግሪኮች ቀይ ባሕርን ከጠሩበት ስም ነው። እንዲሁም ከ1952 እስከ 1993 ባለው ጊዜ ከምጽዋ ወይም ከዳህላክ የተሰበሰበ ናሙና ላይ «ኢትዮጵያ» ተብሎ ቢጻፍ አይደንቅም፤ ዛሬ ግን በኤርትራ መዝገብ መግባት አለበት። የሚታመነው የወደቡ ወይም የደሴቱ ስም፣ ጥልቀቱና ቀኑ ነው።

«ስም መለየት የምሁራን ቅንጦት ነው»

ከጣና የመጣችው ናሙና እዚህ ላይ ትመልሳለች። ቀንድ አውጣ ሁሉ ብልሃርዚያ አያስተላልፍም። የአንጀቱን ብልሃርዚያ የሚሸከመው ጠፍጣፋው ባዮምፋላሪያ ነው፤ የሽንት ቧንቧውን ደግሞ ቡሊነስ የተባለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት እነዚህን ሲያጠኑ ነው።

ሣጥኑን ለሦስት ከፈልነው። ባልደረባዬ ራሱ አዲሶቹን ጽሑፎች ጻፈ፦ «ብራኪዮፖድ፣ ዓባይ በረሃ፣ ደጀን፣ ከመንገድ ዳር»፤ «ቀንድ አውጣ፣ ጣና ዳር፣ ባዶ ቤት»። በዛጎሉ ላይ ደግሞ «ከአንቀልባ የተፈታ፤ ጎጃም አልኖረም» አለ።