ዛፉን ትቶ ተባዩን የሚገድል ፈንገስ

የፓይን ዛፍን የሚያጠቁ ወራሪ ተባዮችን በፈንገስ መቆጣጠር ይቻላል ሲባል ብዙ ሰው ግር ይለዋል። ፈንገስ ራሱ ዛፍ ያበሰብስ የለ እንዴ?

አዎ፣ የሚያበሰብስም አለ። ሲሬክስ የተባለው የእንጨት ተርብ አውስትራሊያንና ደቡብ አሜሪካን ሲወር፣ ከእንቁላሉ ጋር ፓይን የሚያደርቅ ፈንገስ ግንዱ ውስጥ ይተክላል። ለቁጥጥር የሚውሉት ግን ሌሎች ናቸው። በጣም የታወቀው ቦቬሪያ ባሲያና ነው። ጣሊያናዊው ተመራማሪ አጎስቲኖ ባሲ የሐር ትልን የሚገድለው ይህ ፈንገስ መሆኑን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1835 ነበር።

ተባዩ ፈንገሱን መብላት አያስፈልገውም፤ ቆዳውን ከነካው ይበቃል። በዓይን የማይታየው ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ እንደ ዘር የሚራባበት ብናኝ፣ ቆዳው ላይ ያርፍና ያቆጠቁጣል። ጠንካራውን ሽፋን በኢንዛይም እያሟሟ ሰርስሮ ይገባል፤ ውስጥ ይራባል። ተባዩ ወዲያው አይሞትም፣ ቀናት ይወስዳል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ሬሳው በነጭ ሻጋታ ይሸፈናል። እሱ ደግሞ ሌላውን ተባይ የሚይዝ አዲስ ስፖር ነው።

ችግሩ ፀሐይ ነው። የፀሐይ ጨረር ስፖሩን ቶሎ ይገድለዋል፤ ድርቀትም አይስማማውም። ቅርፊት ሥር የተደበቀ ጥንዚዛ ጋ ደግሞ ርጭት በቀላሉ አይደርስም። ለዚህ ነው በጠረን የሚስብ ወጥመድ የተሻለ የሚመስለኝ፦ ጥንዚዛው ይገባል፣ ስፖር ይለብሳል፣ በሕይወት ይወጣና ራሱ ወደ ጓደኞቹ ያደርስልናል። ቦቬሪያ ግን ብዙ ዓይነት ነፍሳትን ሊይዝ ስለሚችል፣ ንብንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን እንዳይጎዳ ዝርያው ሳይፈተሽ ጫካ ውስጥ መርጨት አይገባም።