የሰማይ ቤት ስንቅ፦ የመንግሥተ ሰማያት ተስፋ በጎጃም

ጎጃም ውስጥ ሰው «ለነፍሴ» ሲል እህል አለበት። ወይ ዳቦ ይጋገራል፣ ወይ ጠላ ይጠመቃል፣ ወይ ለነዳይ ቁራሽ ይቆረሳል። ስለ ገዳማቱና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ተጽፏል። ይህ ተስፋ በተዝካሩ፣ በሰንበቴው፣ በቅኔ ቤቱና በእማሆዮቹ ጎጆ እንዴት እንደሚኖር ግን በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ማግኘት ይቸግራል። ስለዚህ ለመነሻ ያህል ይኸው።

ትምህርቱ ያው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው። ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ትንሣኤ ሙታን ነው። የጻድቅ ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ ገነት ገብታ ትቆያለች፣ የኃጥእ ነፍስ ሲኦል ትወርዳለች፤ መንግሥተ ሰማያትና ገሃነም ከዳግም ምጽአት በኋላ ናቸው። ለቅሶ ቤት ውስጥ ግን ይሄን ያህል የሚጠነቀቅ የለም። ሰው ገና ከቀብር ሲመለስ «መንግሥተ ሰማያት ያውርስልን» ይባላል። መምህራኑም ይሰማሉ፣ አያርሙም። ደግ ያደርጋሉ።

ስለ ክርስቶስ መቀባት ለየት ያለ ትምህርት ያለውን የቅባትን ነገር ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ምሥራቅ ጎጃም የቅባት ትምህርት መናኸሪያ ሆኖ ኖሯል። በ1870 ዓ.ም. አጼ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነገሩን በተዋሕዶ ዘጉት። በእርግጥ ተዘጋ ወይ የሚለው ዛሬም ያጨቃጭቃል፤ እዚህ አንገባበትም። ክርክሩ ስለ ክርስቶስ ነው እንጂ ስለ ሰማይ ቤት አይደለም፣ ተዝካር ላይ ደግሞ ሁሉም እኩል ይቀመጣል።

ስለ ዓባይ ምንጭ፣ ስለ ግሽ ዓባይ፣ ግን ማመንታት የለም። ሊቃውንቱ ዓባይን ግዮን ይሉታል፣ ከኤደን ከሚወጡት አራቱ ወንዞች አንዱ። እንግዲህ የገነት ውኃ የሚፈልቀው ምንጩ ያለበት ሰከላ ነው ማለት ነው። የሌላ አገር ሰው ይከራከር፤ ጎጃሜ አይከራከርም። ምንጩ የአቡነ ዘርአ ብሩክ ቦታ ነው። የታመመም ያልታመመም ይጠመቅበታል፣ ሲመለስም በጀሪካን ቀድቶ ለቤተሰብ ይወስዳል።

የድሮው ዘመን በአጭሩ እንዲህ ነው። መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት የኦሪት መሥዋዕት ይሠዋባት ነበር ይባላል። ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠራችባት፣ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ።

ወሬው የሚሰፋው ክፉ ቀን የሚባለው የ1880ዎቹ ረሃብ ላይ ሲደረስ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ለዚያ ዘመን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ አሉን። ከዓባይ ማዶ፣ ከኦሮሞ ምድር መጥተው በጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት የኖሩ ሠዓሊና የታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ጎጃምን በጎጃም ቀለም የጻፈ እንደሳቸው ያለ ሰው ለሌላው ዘመን ቢገኝ ምን ነበረበት!

ጎጃም ላይ መከራው ከረሃቡ ቀድሞ ነው የገባው። ጥር 1880 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ደንቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ በሱዳኑ ደርቡሽ ጦር ተሸነፉ። ጎንደር ተቃጠለ፣ ስንቱ ተማርኮ ተነዳ። በዓመቱ ደግሞ አጼ ዮሐንስ «ከምኒልክ ጋር መክረህብኛል» ብለው በጎጃም ላይ ዘመቱ፤ ሠራዊቱ ጎተራውን አራገፈ፣ ከብቱን አረደ፣ መንደሩን አቃጠለ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። በዚህ መሀል ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ መጣ። ጣሊያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው ከብቶች እንደተነሣ ይታመናል። በሬው አለቀ። በሬ የሌለው አራሽ ዶማ ይዞ ስንት ጥማድ ሊቆፍር? ድርቁ፣ አንበጣውና ተምቹ ተጨመረበት፣ እስከ 1884 ድረስ ቀጠለ። በየአገሩ ሬሳ ቀባሪ አጥቶ የጅብ ሲሳይ ሆነ። ሳይገነዝ፣ ፍትሐት ሳይደገምለት አፈር መግባት ለክርስቲያን ከረሃቡ የማይተናነስ መከራ ነው፤ ለሰማዩ መንገድ የሚሸኘው ጸሎት ቀረበት ማለት ነውና።

ለዚህ ነው ፍትሐትና ተዝካር ይህን ያህል የሚከበሩት። ሰው ሲሞት ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ በሰሌን ይጠቀለላል፣ ካህናቱ ግንዘት እየደገሙ ያደርሱታል። ከዚያ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ እያለ እስከ ሰባት ዓመት ይሄዳል። ትልቁ ድግስ አርባው ላይ ነው። ለአርባ ሲባል በሬ የሸጠ፣ ብድር የገባ ቤት ጥቂት አይደለም። በደርግ ጊዜ ካድሬው ብክነት ነው እያለ ይነዘንዝ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ ሰባኪዎቹ ራሳቸው ተበድራችሁ አትደግሱ ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ያ እንጀራ የት እንደሚሄድም መታየት አለበት።

የሚሄደው ወደ ነዳይና ወደ ቆሎ ተማሪ ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ፤ ጎጃም የቅኔ አገር የተባለችው በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ነው። ቅኔን ማን ጀመረው ቢባል ቅዱስ ያሬድ የሚሉ አሉ፣ ዮሐንስ ገብላዊ የሚሉ አሉ፣ ጎንጆች ተዋናይ የተባለውን ሊቅ ይጠራሉ። የጀመረው ማንም ይሁን፣ ጎልማሳ የሆነው ጎጃም ነው። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይዞራል። ዱላው ለውሻ ነው። ያገኘው ቁራሽ ከየቤቱ ስለሆነ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ ዳጉሳ፣ አንዱ የሻገተ ነው፤ ያለ ወጥ በውኃ ይወርዳል። ማታ በዚያ ሆዱ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይቆጥራል። ተዝካር ሲመጣ ግን ትኩስ እንጀራ ይበላል፣ ለሟቹም ይጸልያል። ሟች ተማሪውን ያበላል፣ ተማሪው ሟችን ያስታውሳል። ስብከት ሁሉ ተጠራቅሞ የዚህን ሩብ አያስረዳም።

ድግስ የሌለው ድሃስ? ለእሱ ኪዳነ ምሕረት አለች። የካቲት 16 የሚነገረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፦ ያን ሁሉ ሰው የበላ በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ዳነ። ጎጃም ውስጥ በኪዳነ ምሕረት ስም የተተከለው ታቦት መብዛቱ የሚገርም አይደለም።

እማሆዮቹ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘዋል። ባል ሞቶ፣ ልጆች ወጥተው ሲያልቁ ቆብ ይጭኑና ደብሩ አጠገብ ጎጆ ይቀልሳሉ። ሰው ሲመነኩስ የሙት ፍትሐት ይደገምለታል፤ ለዓለም ሞቷል ነው ነገሩ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ጥጥ ሲፈትሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ሲጠርጉ፣ የጎረቤት ጠብ ሲያስታርቁ ይውላሉ። እንደነሱ ሥራ የበዛበት ሙት የለም!

ከደብረ ኤልያስ የወጡትን አቡነ ቴዎፍሎስን መርሳት ነውር ነው። በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ፣ በ1963 ሁለተኛው ፓትርያርክ ሆኑ። ደርግ በ1968 ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፣ በ1971 ገደላቸው። ለዓመታት መቃብራቸው እንኳ አልታወቀም። ደርግ ከወደቀ በኋላ አጽማቸው ተገኝቶ አዲስ አበባ ጎፋ ቅዱስ ገብርኤል በክብር አረፈ።

ከ2015 ወዲህ ያለው ጦርነት ደግሞ ለቅሶውንም አራርቆታል። መንገድ ሲዘጋ አዲስ አበባ ያለው ልጅ ለአባቱ አርባ መድረስ አይችልም። ገንዘቡን በቴሌብር ይልካል፣ የአባቱን ስም ለቄሱ በስልክ ይናገራል። ቄሱም መጀመሪያ የሚጠይቁት የክርስትና ስሙን ነው፤ በዓለም ስሙ ፍትሐት አይደገምም።