የቅኝ ግዛት የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ የዓመት ሥራ ምን ነበር?

የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ በቅኝ ገዥ አስተዳደር ሥር መንገድ፣ ድልድይ፣ የመስኖ ቦይና የመንግሥት ሕንፃ የመሥራትና የመጠገን ኃላፊነት የተሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። በስፋቱ ከሚታወቁት አንዱ በብሪታንያ ሕንድ የነበረው ሲሆን፣ ጠቅላይ ገዥው ሎርድ ዳልሁዚ እ.ኤ.አ. በ1854 ያቋቋሙት ከዚያ በፊት ግንባታን ይመራ የነበረውን ወታደራዊ ቦርድ ተክቶ እንዲሠራ ነበር። በዚያው ዓመት የጋንጀስ ቦይ ተከፈተ፤ በ1847 በሰሜን ሕንድ ሩርኪ ከተማ የተቋቋመው የምህንድስና ኮሌጅም ለመምሪያው ባለሙያዎችን ያሠለጥን ነበር።

እንደ ጋንጀስ ቦይ ያሉ ግዙፍ ሥራዎች ስሙን ቢያስጠሩትም፣ የመምሪያው ዓመት በአብዛኛው የሚያልፈው በጥገና፣ በልኬትና በሒሳብ ነበር። የአውራጃው መሐንዲስ የዋጋ ግምት አዘጋጅቶ ለበላዮቹ ይልካል፤ ግምቱ ሲጸድቅና ገንዘቡ ሲፈቀድ ሥራ ተቋራጭ ይቀጥራል፤ የተሠራውን በልኬት መዝገብ ካሰፈረ በኋላ ብቻ ክፍያ ይፈጽማል። ይህ መዝገብ የክፍያው ሁሉ መነሻ ማስረጃ ስለነበረ ከማናቸውም ሰነድ ይበልጥ ይጠበቅ ነበር።

ለምሳሌ የመንገድ ጥገናን እንውሰድ። በጋንጀስ ሜዳ ላይ ካንካር የሚባለው ኖራማ ጠጠር በበጋ ተቆፍሮ በመንገዱ ዳር በተወሰነ ቁመትና ስፋት ይከመራል፤ ተቆጣጣሪው ክምሩን እየዞረ ለክቶ ይመዘግባል። ጠጠሩ ተረጭቶ የሚጠቀጠቀው ግን ዝናብ ሲገባ ነው፤ ያለ ውኃ አይጠብቅምና። ክምሩ አንድ ጊዜ ከፈረሰ በኋላ ስንት ጠጠር እንደቀረበ ማረጋገጥ አስቸጋሪ ስለሚሆን፣ ማጭበርበር የሚፈልግም ሆነ የሚከላከል ሰው ዓይኑን የሚጥለው እዚህ ላይ ነበር።

ችግሩ የገንዘቡ ዓመት ከዝናቡ ዓመት ጋር አለመግጠሙ ነበር። ከ1867 ጀምሮ በጀቱ ኤፕሪል 1 ቀን ይከፈትና ማርች 31 ቀን ይዘጋ ነበር። አዲሱ ገንዘብ ሲፈቀድ የሚከተለው ከባዱ ሙቀት፣ ከዚያም እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ ነው፤ ለግንባታ የሚመቸው ወቅት ሲጋመስ ደግሞ ሒሳቡ ይዘጋል። ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ተመላሽ ስለሚሆን የመጨረሻዎቹ ሳምንታት የጥድፊያ ነበሩ፤ የሰኔን የበጀት መዝጊያ የሚያውቅ የእኛ አገር ሠራተኛ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በረኀብ ዘመን መምሪያው ሌላ ሸክም ይጨመርበታል፤ የተራበው ሕዝብ መንገድ እየጠረገና ኩሬ እየቆፈረ እርዳታ እንዲያገኝ ይደረግ ነበርና። በ1877 የሕንድ መንግሥት የረኀብ ልዑክ ሰር ሪቻርድ ቴምፕል በደቡብ ሕንድ በማድራስ ግዛት የአንድን ወንድ የቀን ክፍያ ወደ አንድ ፓውንድ፣ ማለትም 450 ግራም ገደማ እህልና አንድ አና (የሩፒ አንድ አሥራ ስድስተኛ) ዝቅ አደረጉት። ለከባድ የጉልበት ሥራ ይህ ምግብ በቂ አልነበረም፤ የግዛቲቱ የጤና ኮሚሽነርም አጥብቀው ተቃወሙት። ከ1880ው የረኀብ ኮሚሽን በኋላ የወጡት ደንቦች ለክፉ ቀን የሚሆኑ የእርዳታ ሥራዎች ዝርዝር አስቀድሞ ተዘጋጅቶ እንዲቆይ አዘዙ። ስለዚህ መሐንዲሱ ገና ያልመጣውን ረኀብም በግምት መዝገቡ ውስጥ ማስገባት ነበረበት።