ሴንሲቲቪቲ ምንድን ነው? የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል ምርመራ

እግሩ ላይ ያለው ቁስል ያመረቀዘ የስኳር ሕመምተኛ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ብዙ ጊዜ «ካልቸር እና ሴንሲቲቪቲ» ይታዘዝለታል። ካልቸር ማለት ከቁስሉ የተወሰደውን ናሙና በማሳደጊያ ምግብ ላይ ዘርቶ የትኛው ባክቴሪያ እንደሚበቅል ማየት ነው። ሴንሲቲቪቲ ደግሞ የበቀለው ባክቴሪያ በየትኛው አንቲባዮቲክ እንደሚገታ፣ የትኛውን እንደተላመደ መለካት ነው።

በብዙ ላቦራቶሪዎች የሚሠራው በዲስክ ነው። ከበቀለው ባክቴሪያ ጥቂት ተነክቶ በጨው ውሃ ይበጠበጣል፤ ድፍርስነቱ 0.5 ማክፋርላንድ ከሚባለው መለኪያ ጋር እኩል መሆን አለበት፣ ይህም በአንድ ሚሊ ሊትር 150 ሚሊዮን ገደማ ባክቴሪያ ነው። ብጥብጡ ሳህን ላይ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሙለር ሂንተን አጋር (ጄሊ የመሰለ የባክቴሪያ ማሳደጊያ ምግብ) ላይ በስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ጥጥ በሆነ እንጨት፣ ይቀባል። በ15 ደቂቃ ውስጥ መድኃኒት የያዙ ትንንሽ የወረቀት ዲስኮች ይቀመጡበትና ሳህኑ በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያድራል። በማግስቱ ሳህኑ ላይ ባክቴሪያው እንደ ስስ ጭጋግ ለብሶ፣ በሚሠሩት ዲስኮች ዙሪያ ብቻ ጥርት ያለ ክብ ተትቶ ይገኛል። የክቡ ስፋት በማስመሪያ ይለካል። ለምሳሌ ኢ. ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ የ5 ማይክሮ ግራም ሲፕሮፍሎክሳሲን ዲስክ ክብ በአሜሪካው የላቦራቶሪ ደረጃ አውጪ ተቋም የሲኤልኤስአይ ሰንጠረዥ 26 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ «ኤስ» (መድኃኒቱ ይገታዋል) ይባላል፤ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ «አር» (ባክቴሪያው ተላምዶታል)። መካከል ላይ ያለው «አይ» (መካከለኛ) ነው።

ብጥብጡ ከወፈረ ክቡ ይጠብና የሚሠራው መድኃኒት «አር» ተብሎ ይጻፋል። ከቀጠነ ግን ክቡ ይሰፋል፤ የማይሠራው መድኃኒት «ኤስ» ሆኖ ስለሚወጣ ይህኛው ስህተት ይብሳል። አጋሩ ከሳሳም እንዲሁ ነው። ስታፊሎኮከስ ኦውረስ በሚባለው ባክቴሪያ ላይ ቫንኮማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ በዲስክ መለካት ጨርሶ አይታመንም። ለዚሁ ባክቴሪያ ሴፎክሲቲን ዲስክ የሚደረገው ሴፎክሲቲን ሊታዘዝ አይደለም፤ ክቡ 21 እና ከዚያ በታች ከሆነ ክሎክሳሲሊንም ሴፍትሪአክሶንም እንደማይሠሩ ይነግራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ናሙናው ከተበላሸ ዋጋ የለውም፤ ብልሽቱም በአብዛኛው የሚመጣው ከላቦራቶሪው በፊት ነው። ማንኛውም ክፍት ቁስል ላይ ባክቴሪያ አለ። ስለዚህ ኢንፌክሽን የሚባለው በካልቸር ሳይሆን በዓይንና በእጅ ተለይቶ ነው፦ እብጠት፣ ከቁስሉ ጠርዝ ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ የሄደ መቅላት፣ ሙቀት፣ ሕመም፣ መግል፤ ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱ ሲገኙ። ምልክት የሌለውን ቁስል ናሙና መላክ አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ መጥራት ነው። ነርቩ የደነዘዘ ሰው ሕመም ላይሰማው ስለሚችል «አያመኝም» ማለቱ ብቻውን አያጽናናም።

ናሙና ሲወሰድ ቁስሉ በጨው ውሃ ታጥቦ፣ የሞተው ሥጋ ተነሥቶ፣ ከወለሉ ትንሽ ሥጋ ይፋቃል፤ ኢንፌክሽኑ አጥንት ገብቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ደግሞ ከአጥንቱ ይወሰዳል። ከመግሉ ላይ በስዋብ ጠረግ አድርጎ መላክ ቆዳ ላይ የሚኖረውን ሁሉ ያበቅላል። አራት ባክቴሪያ የተዘረዘረበት የውጤት ወረቀት ብዙ መረጃ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚናገረው ናሙናው በጥድፊያ መወሰዱን ነው። ከስዋብ ሌላ አማራጭ ከሌለ፣ ከታጠበ በኋላ ጤነኛ በሚመስለው የቁስሉ ወለል አንድ ሴንቲ ሜትር ካሬ ላይ ፈሳሽ እስኪወጣ ተጭኖ ማዞር ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ፤ ከፋርማሲ የተገዛ አሞክሳሲሊን ለሦስት ቀን ተውጦ ከሆነም ለላቦራቶሪው ይነገር። አጥንት ወይም ሥጋ ለካልቸር ተብሎ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ ማቆያ ፈሳሽ) ውስጥ ከገባ ባክቴሪያው ስለሚሞት ምንም አይበቅልም።

ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ትኩሳት፣ የልብ ምት ከ90 በላይ መሆን ወይም ፈጣን ትንፋሽ ካለ ግን አይጠበቅም፤ ናሙናው ይወሰድና በዚያው ሰዓት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገታ አንቲባዮቲክ ተጀምሮ ኋላ በውጤቱ ወረቀት ይስተካከላል።

ወረቀቱ ሲነበብ ከቁስሉ ጋር ነው። አዲስና ላይ ላዩን ያለ ቁስል ከሆነ ተጠርጣሪዎቹ ስታፊሎኮከስ ኦውረስና ስትሬፕቶኮከስ ናቸው። ወራት የቆየና ብዙ አንቲባዮቲክ ያየ ቁስል ላይ ኢ. ኮላይና ክሌብሲየላ ይጨመራሉ፤ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የኖረ እግር ላይ ሱዶሞናስ ይመጣል። ሱዶሞናስ ሴፍትሪአክሶንን በተፈጥሮው ይቋቋማል፤ አጠገቡ «ኤስ» ተጽፎ ከመጣ ስህተት ነው። የጠቆረና የሚሸት ቁስል «አልበቀለም» ተብሎ ቢመለስ ባክቴሪያ የለም ማለት ላይሆን ይችላል፤ ኦክስጅን የማይወዱት ባክቴሪያዎች በተራ ካልቸር አይበቅሉም።

«ኤስ» የተባለ መድኃኒት እግር ላይ ሳይሠራ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ሳህኑ ላይ መድኃኒቱ በአጋሩ ውስጥ ይሰራጫል፤ እግር ላይ የሚደርሰው በደም ነው፣ የደም ሥሩ ከጠበበ ደግሞ በቂ መጠን አይደርስም። መግሉ ካልተከፈተ፣ የሞተው ሥጋ ካልተነሣ ወይም አጥንቱ ከተነካ የተሻለ «ኤስ» መፈለግ አይጠቅምም። ላይ ላዩን ላለና ብዙ ሥጋ ላልነካ ኢንፌክሽን ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቃል፤ ኢንፌክሽኑ አጥንት ገብቶ አጥንቱ ካልተቆረጠ እስከ 6 ሳምንት ይሄዳል። መቅላቱ፣ እብጠቱና መግሉ ጠፍተው ቁስሉ ብቻ ክፍት ቢቀር አንቲባዮቲኩ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቁስሉን የሚዘጋው እግሩን ከክብደት ማሳረፍ፣ የደም ዝውውሩን ማስተካከልና ስኳሩን መቆጣጠር ነው።