«እኛ ጥቂት ነን፣ ስብሰባ ምን ያደርግልናል?»

ስለ ሥራ ደህንነት ለማማከር የገባሁበት ትንሽ ድርጅት ሁሉ፣ የደህንነት ስብሰባ አድርጉ ስል በዚህች አባባል ይቀበለኛል። «ስድስት ሰው እኮ ነን። ቀኑን ሙሉ አብረን ነው የምንውለው። ስብሰባው ለትልልቆቹ ነው።» እውነቱን ለመናገር፣ መስማቱ ሰልችቶኛል።

አብሮ መዋልና መነጋገር ለየቅል ናቸው። አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ስገባ የክብ መጋዙ መከለያ ተፈትቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አቧራ ጠጥቷል። ሠራተኞቹ ባለቤቱ ሥራ እንዳይጓተት ብሎ ያስወለቀው መስሏቸዋል። ባለቤቱ ደግሞ እነሱ ጠልተውት የፈቱት ነው የመሰለው። ስድስቱም በየቀኑ ያዩታል፤ አንድም ቀን አላነሱትም። መጋዙን አስጠፍቼ እዚያው ቆመን አሥር ደቂቃ አወራን። «በዚህ ሳምንት ምን አስደነገጣችሁ?» አልኳቸው። ዝም አሉ። ቆይቶ የሁሉም ታናሽ የሆነው ልጅ ጓንቱን አወጣ። የአውራ ጣቱ ጫፍ ተቀዷል። እንጨት መጋዙ ላይ ሲጣበቅበት በእጁ ገፍቶ ነው። ለማንም አልተናገረም ነበር። መከለያው በዚያው ቀን ተመለሰ፤ ከቁርጥራጭ እንጨትም መግፊያ ዱላ ተሠራ።

«ጓንትና ቆብ ካደልን በቃ» ለሚሉም ይኸው ልጅ መልስ ነው። የሚሽከረከር መጋዝ ላይ ጓንት ራሱ አደጋ ነው፤ ጥርሱ ከያዘው እጅን ይዞ ይገባል። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልተቻለ መከለል ነው። የሚለበሰው መጨረሻ ላይ ይመጣል።

«ሕግ አያስገድደንም።» የደህንነት ኮሚቴ ግዴታ የሚሆንበት የሠራተኛ ቁጥር ከአገር አገር ይለያያል። ሠራተኛን መጠበቅ ግን የሰው ብዛት አይጠብቅም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 በአሠሪና በሠራተኛ መካከል መተባበር እንዲኖር ይጠይቃል። የመከላከያ ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዳይወድቅም ይደነግጋል።

«አደጋ ደርሶብን አያውቅም።» ያ የተቀደደ ጓንትስ?

«ስብሰባ ማለት አለቃ መመሪያ ሲያነብ ነው።» ይህ ነው ስብሰባን ያስጠላው። ከትንሹ ሠራተኛ ጀምሩ፣ አለቃው መጨረሻ ይናገር። የተናገረውን ሰው አትቆጡ፤ አንዴ ከተቆጣችሁት ሁለተኛ አይነግራችሁም። ችግሩን፣ ማን እንደሚያስተካክለውና እስከ መቼ እንደሆነ ጻፉ። አንድ ገጽ ደብተር ይበቃል። ቀጣዩን ስብሰባ ያንኑ ገጽ በማንበብ ክፈቱት፣ ያልተሠራውም ለምን እንዳልተሠራ ይጠየቅ።