ጎስት ቱር ምንድን ነው? የጋልቨስተን ማታ

ጎስት ቱር (የመንፈስ ጉብኝት) ማለት በማታ፣ በእግር፣ አስጎብኚ እየመራ የሚደረግ የከተማ ጉብኝት ነው። ከቀኑ ጉብኝት የሚለየው ወሬው ነው። እዚህ ቤት ማን እንደሞተ፣ ዛሬም የማን ኮቴ ደረጃው ላይ ይሰማል እንደሚባል ይተረካል። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። አስጎብኚው ፋኖስ ይይዛል፤ አንዳንዱም ጥቁር ካባ ይደርብበታል። ኤድንብራ፣ ዮርክ፣ ኒው ኦርሊንስና ሳቫና በዚህ የታወቁ ናቸው።

በባዶ ሜዳ ግን መንፈስ አይሸጥም። ከተማዋ ክፉ ቀን ያየች መሆን አለባት፦ ወረርሽኝ፣ እሳት ወይም ጎርፍ። ለዚህ ከጋልቨስተን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሂዩስተን የሚኖር ሐበሻ ያውቃታል፤ ሙቀቱ ሲያስመርረው መኪናውን አስነስቶ አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ባህር የሚያይባት የቴክሳስ ደሴት ናት።

በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ጋልቨስተን 38 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ሀብታም የወደብ ከተማ ነበረች። ከፍተኛው ቦታዋ ከባህር ወለል በላይ ሦስት ሜትር እንኳ አይሞላም። መስከረም ሊገባ ሲል፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን፣ አውሎ ነፋሱ የገፋው ውሃ ከአራት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ ብሎ መጣ። ሒሳቡን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ስንት ሰው እንዳለቀ በትክክል አይታወቅም፤ ከ6 ሺህ እስከ 12 ሺህ ይገመታል፣ ብዙ ጊዜ 8 ሺህ ይባላል። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ሰው የፈጀ የተፈጥሮ አደጋ የለም። የከተማዋ የአየር ትንበያ ኃላፊ አይዛክ ክላይን በ1891 ጋዜጣ ላይ፣ ማዕበል ጋልቨስተንን ክፉኛ ይጎዳል ብሎ መስጋት ከንቱ ነው ብሎ ጽፎ ነበር። ነፍሰ ጡር ሚስቱን የወሰደበት ይኸው ማዕበል ነው።

አስከሬኑ ከመቅበር አቅም በላይ ሆነ። ክብደት አስረው ባህር ውስጥ ጣሉት፤ ባህሩ መልሶ ዳርቻው ላይ ተፋው። ከዚያ ማቃጠል ተጀመረ። እሳቱ ለሳምንታት አልጠፋም። ሥራውን እንዲችሉት ለሠራተኞቹ ውስኪ ይታደላቸው ነበር። ሳይለቀስለት፣ በስሙ መቃብር ሳይኖረው የቀረ ሰው እንዴት እንደሚከነክን ለእኛ አይነገረንም። የመንፈሱ ወሬ የበቀለው እዚህ ነው ብዬ አስባለሁ።

ባህሩ ዳር በቅድስት ማርያም ስም የተሠራ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ነበር። መነኮሳቱ ልጆቹ በውሃው እንዳይወሰዱባቸው በልብስ ማስጫ ገመድ ከራሳቸው ጋር አሰሯቸው። 10 መነኮሳትና 90 ልጆች አለቁ። ዛፍ ላይ ተንጠልጥለው የተረፉት ሦስት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። ዛሬ በዚያ አካባቢ ትልቅ ሱፐርማርኬት አለ። ማታ የልጆች ሳቅ ይሰማል፣ አሻንጉሊት ከመደርደሪያው ወርዶ ይገኛል ይባላል። ጥሩና መጥፎ አስጎብኚ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። መጥፎው ስለ አሻንጉሊቱ ሲያወራ ያመሻል። ጥሩው ስለ ገመዱ ይነግራችኋል።

ከተማዋ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ደግሞ ከየትኛውም የመንፈስ ወሬ ይገርማል። መጀመሪያ ከ1902 እስከ 1904 ከአምስት ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የባህር ግንብ ተሠራ። ቀጥሎ እስከ 1911 ድረስ ከተማዋ ራሷ ከፍ ተደረገች። ከ2 ሺህ በላይ ሕንፃዎች በክሪክ ተነሱ። አዎ፣ ጎማ ስንቀይር መኪናውን የምናነሳበት ዓይነት ክሪክ። 3 ሺህ ቶን የሚመዝነውን የቅዱስ ፓትሪክ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ለማንሳት 700 ክሪክ አስፈልጓል። ከሥር ያለው ክፍት ቦታ ከውሃ ጋር በቱቦ በተገፋ አሸዋ ተሞላ። ሥራው እስኪያልቅ ሰዉ ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት መተላለፊያ ላይ ነበር የሚሄደው።

ይህን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ብሮድዌይ በሚባለው የጋልቨስተን ጎዳና ላይ አሽተን ቪላ ፊት ለፊት ቁሙ። በ1859 የተሠራ ትልቅ ቤት ነው። የብረት አጥሩ ግን ለእንዲህ ያለ ቤት አጭር ነው። ከፊሉ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው፤ ምድር ቤቱም በአሸዋ ተሞልቷል። አስጎብኚዎች እዚህ ቆመው የቤቱ ልጅ የነበረችው ቤቲ ብራውን ማታ ፒያኖ ትጫወታለች ይላሉ። እኔ አጥሩ ይበልጥብኛል።

አንዳንድ ቱር ላይ መብራት የሚያበራ ትንሽ የኤሌክትሮማግኔቲክ መለኪያ ይሰጣችኋል። ሲበራ «መጡ!» ይባላል። ኪስ ውስጥ ያለ ስልክም፣ ግድግዳ ውስጥ ያለ የመብራት ሽቦም ያበሩታል። እንደ ጨዋታ ከያዛችሁት ችግር የለውም፤ ልጆች በጣም ይወዱታል።

ከመሣሪያው ይልቅ የሚጠቅማችሁ አንድ ጥያቄ ነው፦ ሕንፃው መቼ ተሠራ? ከማዕበሉ የተረፉ ብዙ ቤቶች ግድግዳቸው ላይ የ1900ው ማዕበል ተራፊ መሆናቸውን የሚናገር ምልክት ተለጥፎባቸዋል። ሌላው ግን በኋላ የመጣ ነው። በመንፈስ ወሬ ስሙ የገነነው ሆቴል ጋልቬዝ የተከፈተው በ1911 ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ በ1900 ሰጥሞ የሞተ ሰው አለ ካሏችሁ፣ ሟቹ ከሌላ ሰፈር ተዛውሮ የመጣ መሆን አለበት።